ለልብ ድካም ታካሚ የትኛው የደም ምርመራ ይታዘዝ? ሀዋሳና ዙሪያዋ ለምንሠራ የንጽጽር መመሪያ

ከአለታ ወንዶ ወይም ከበንሳ ተልኮ ሀዋሳ የገባ ታካሚ እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጦ፣ ጋደም ማለት አቅቶት ተቀምጦ የሚያድር፣ የአንገቱ ደም ሥር በር ላይ ሆነው የሚታይ ከሆነ የልብ ድካም እንዳለበት ለማወቅ ውድ ምርመራ አያስፈልግም። ከባዱ ጥያቄ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ይህ ሰው በዚህ ሳምንት እዚሁ አልጋ ላይ ይሞትብን ይሆን? ተሽሎት ከወጣስ ወር ሳይሞላው ተመልሶ ይመጣ ይሆን? የአስታማሚው ገንዘብ ደግሞ ለመድኃኒቱም፣ ለምግቡም፣ ለመመለሻ መኪናውም የተያዘ ነው። የጤና መድን ደብተር ያለው ሰው እንኳ ሆስፒታሉ ውስጥ የማይሠራ ምርመራ ውጭ እንዲያሠራ ሲታዘዝ ብዙ ጊዜ ኪሱን ነው የሚዳስሰው።

ይህን የምጽፈው ለኢንተርኖች፣ ለጠቅላላ ሐኪሞችና ለጤና መኮንኖች ነው። የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ ኮሪደር ላይ የቆመ አስታማሚም ቢያነበው አይከፋም፤ ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈችው "ከፍተኛ" የምትል ምልክት ሁሌም አስደንጋጭ እንዳልሆነች ይረዳል።

ሐሳቤን ከመነሻው ልናገር። ለመጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለትም ለአልጋ ላይ ሞት፣ ርካሾቹና በየቀኑ የምናዛቸው ምርመራዎች ይበቃሉ። ውዱ ምርመራ ዋጋውን የሚያወጣው ለሁለተኛው ጥያቄ ነው። ብዙ ቦታ የማየው ግን ተገላቢጦሹን ነው፦ ታካሚው በገባበት ሌሊት ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ (ልብ ሲወጠር ደም ውስጥ የሚጨምር ነገር የሚለካበት ውድ ምርመራ) ይታዘዛል፣ በሚወጣበት ቀን ግን ማንም ምንም አይለካም። ቴሰስ በተባለው ጥናት ከሰሃራ በታች ካሉ 9 አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ 1,006 አጣዳፊ የልብ ድካም ታካሚዎች ተከታትለዋል። ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት 4.2 በመቶ ነበሩ፤ በ180 ቀን ውስጥ ያለው የሞት መጠን ግን 17.8 በመቶ ደረሰ። አብዛኛው ሞት የሚመጣው ታካሚው ካርዱን ዘግቶ ከግቢው ከወጣ በኋላ ነው ማለት ነው። የታካሚዎቹ አማካይ ዕድሜ ደግሞ 52 ዓመት ነበር። ልጅ የሚያሳድጉ፣ ማሳ የሚያርሱ ሰዎች ናቸው።

ዩሪያና ክሬቲኒን

የኦርጋን ፈንክሽን (የኩላሊትና የጉበት ሥራ ምርመራ) ወረቀት ሲመጣ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ክሬቲኒን ላይ ነው። ዩሪያ ከጎኑ ተጽፎ ሳይነበብ ይታለፋል፤ ሁለቱም ኩላሊት ከደም የሚያወጣቸው ቆሻሻዎች ናቸው። በልብ ድካም ግን የአልጋ ላይ ሞትን በመተንበይ ዩሪያ ይቀድማል። አድሂር የተባለው ትልቅ የአሜሪካ የታካሚዎች መዝገብ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ትንታኔ በ33,046 የሆስፒታል ቆይታዎች ተሠርቶ በሌሎች 32,229 ተፈትሿል። ተመራማሪዎቹ 39 ነገሮችን አነጻጽረው በመጨረሻ ሦስት ብቻ አስቀሩ፤ እነሱም እንደ ጉልበታቸው ቅደም ተከተል የዩሪያ ናይትሮጅን (በዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ብቻ ሲለካ)፣ ሲስቶሊክ (የላይኛው) የደም ግፊት እና ክሬቲኒን ናቸው። የዩሪያ ናይትሮጅኑ ከ43 ሚሊግራም በዴሲ ሊትር በታች፣ ግፊቱ 115ና ከዚያ በላይ የሆነ ታካሚ ሆስፒታል ውስጥ የመሞት ዕድሉ 2.1 በመቶ ነበር። ናይትሮጅኑ 43ና ከዚያ በላይ፣ ግፊቱ ከ115 በታች፣ ክሬቲኒኑ 2.75ና ከዚያ በላይ የሆነበት ደግሞ 21.9 በመቶ። በሁለቱ መካከል አሥር እጥፍ ልዩነት አለ፤ ያስፈለገው ደግሞ በየሆስፒታሉ የሚሠሩ ሁለት የደም ምርመራዎችና አንድ የግፊት መለኪያ ብቻ ነው።

ዩሪያ ይህን ያህል የሚናገርበት ምክንያት አለ። ልብ በቂ ደም መርጨት ሲያቅተው ሰውነት ፈሳሽ ያለቀበት ይመስለዋል፤ ውኃና ጨው የሚያስቀሩት ሆርሞኖች፣ ቫሶፕሬሲንና የሬኒን ሥርዓት፣ ይቀሰቀሳሉ። በእነሱ ትእዛዝ ኩላሊት ውኃና ጨው ወደ ደም ሲመልስ ዩሪያንም አብሮ ይመልሰዋል። ክሬቲኒን እንዲህ አይመለስም። ስለዚህ ክሬቲኒን የኩላሊቱን የማጣራት አቅም ብቻ ሲነግረን፣ ዩሪያ ግን ኩላሊቱንም፣ ልቡ ምን ያህል እንደተጨነቀም በአንድ ቁጥር ይነግረናል።

አሁን ወጥመዱን ተጠንቀቁ። 43 የተባለው የዩሪያ ናይትሮጅን ነው፤ በአሜሪካ የሚለካው እንደዚያ ነው። የእናንተ ላቦራቶሪ ግን ዩሪያን ራሱን የሚጽፍ ሊሆን ይችላል። ናይትሮጅኑን በ2.14 ስታባዙት ዩሪያውን ታገኛላችሁ። 43ቱ በዩሪያ ሲሰላ 92 ሚሊግራም በዴሲ ሊትር ገደማ ነው፤ በሚሊሞል ለሚጽፍ ላቦራቶሪ 15.4 ይሆናል። የክሬቲኒኑ 2.75 ደግሞ በማይክሮሞል 243 ነው። ወረቀቱ ላይ ዩሪያ 60 ስላየ "መስመሩን አልፏል" ብሎ ቤተሰብ ሰብስቦ የሚያስደነግጥ ሰው ተሳስቷል፤ ያ ቁጥር በናይትሮጅን 28 ብቻ ነው። ወረቀቱ የትኛውን እንደሚጽፍ ግልጽ ካልሆነ ላቦራቶሪው ድረስ ሄዶ መጠየቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለቱም ቁጥሮች የሚያታልሉበት ሁኔታ አለ። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ ስለሆነ ልቡ ለዓመታት ደክሞ፣ ሥጋው አልቆ አጥንቱ የቀረ ሰው ክሬቲኒኑ 1.0 ቢሆንም ኩላሊቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። ዩሪያ ደግሞ ከፕሮቲን ስለሚመጣ ምግቡ በአብዛኛው ቆጮ የሆነና ሥጋም ወተትም እምብዛም የማያገኝ ሰው መነሻው ዝቅ ሊል ይችላል፤ የእሱ 70 የሌላው 90 ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። በተቃራኒው የጨጓራ መድማት ወይም ስቴሮይድ ዩሪያን ብቻውን ያንረዋል፤ ዩሪያው ተሰቅሎ ክሬቲኒኑ ካልተነቃነቀ ዓይነ ምድሩ ጥቁር መሆኑን ጠይቁ።

ከአንዱ ቀን ቁጥር ይልቅ የሚያስተምረው አካሄዱ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ድንጋጤ አለ፦ በሦስተኛው ቀን ክሬቲኒን ከ0.9 ወደ 1.3 ወጣ ተብሎ ሌዚክስ (ሽንት የሚያሸናው መድኃኒት) ይቋረጣል። ክብደቱ እየወረደ፣ እብጠቱ እየጎደለ፣ ሰውየውም ጋደም ብሎ መተኛት እየቻለ ከሆነ ይህ ጭማሪ ብቻውን የከፋ መጨረሻ አያመለክትም። የሚያስፈራው እብጠቱ እንዳለ ሆኖ ክሬቲኒኑ ሲወጣ ነው። ሚዛን ሳይታይ ክሬቲኒንን ብቻ ማንበብ ግማሽ ንባብ ነው፤ ሚዛኑ ደግሞ ዋርዱ ውስጥ በነፃ አለ።

ሶዲየም፣ እና ማንም የማያነበው የሲቢሲ ክፍል

ሶዲየም ከ135 በታች መሆኑ ብቻውን ማስጠንቀቂያ ነው። ኦፕቲማይዝ በተባለው ሌላ የአሜሪካ መዝገብ ሲገቡ ሶዲየማቸው ከ135 በታች የነበሩት ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት 6.0 በመቶ ሲሆኑ ሌሎቹ 3.2 በመቶ ነበሩ። ከዩሪያ ያነሰ ቢሆንም ጥሩ ጓደኛው ነው፤ ሁለቱ አብረው ሲበላሹ ታካሚውን ወደ ነርሶች ጠረጴዛ ማቅረብ ይሻላል። አስታማሚው ግን "ሶዲየም አንሷል" ሲባል የሚሰማው "ጨው አንሶታል" ነው። በዚያው ቀን ሾርባው ላይ ጨው ይጨመራል። የአነሰው ጨዉ ሳይሆን የበዛው ውኃው መሆኑን ቆማችሁ ካላስረዳችሁ በማግስቱ እግሩ ይበልጥ አብጦ ታገኙታላችሁ።

የኤሌክትሮላይት ማሽን ሪኤጀንት ባለቀበት ሳምንት ሶዲየም አይገኝም። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ግን አለ። ከሲቢሲ ሦስት ነገሮች አንብቡ።

አንደኛው ሄሞግሎቢን ነው፤ የደም ማነስ የታመመ ልብን ይበልጥ እንደሚያደክም ማንም ያውቃል፣ በቴሰስ ጥናትም ከ180 ቀን ሞት ጋር ከተያያዙት ነገሮች ከኩላሊት ድክመትና ከኤችአይቪ ጎን ተሰልፏል። ሁለተኛው ማንም የማያየው አርዲደብሊው ነው፤ የቀይ ደም ሴሎች መጠን ምን ያህል እንደሚለያይ የሚለካ፣ ከ14.5 በመቶ በላይ ሲሆን ከፍ አለ የሚባል ቁጥር። እ.ኤ.አ. በ2007 ቻርም በተባለው የልብ ድካም መድኃኒት ጥናት ታካሚዎች ላይ በተሠራ ትንታኔ በልብ ድካም ሞትን ከሚተነብዩ ጠንካራ የላቦራቶሪ ምልክቶች አንዱ ሆኖ ሲገኝ ብዙዎችን አስገርሟል፤ በአውቶማቲክ የሲቢሲ ማሽን ወረቀት ላይ ለዓመታት እየታተመ ሲጣል የኖረ ቁጥር ነውና። ድክመቱ የብረት እጥረትና ሰሞኑን የተሰጠ ደም ሁለቱም ከፍ ስለሚያደርጉት ብቻውን ውሳኔ አያስወስንም። ሦስተኛውን እኔ በጣም እወደዋለሁ፦ የሄማቶክሪት (ቀይ ሴሎች ከደሙ የያዙት ድርሻ) ጭማሪ። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ከደም ውስጥ ትርፉን ውኃ ሲያወጣ ደሙ ይጠጥራል፤ ደም ሳይሰጠው ሄማቶክሪቱ ከገባበት ቀን ከፍ ብሎ የወጣ ታካሚ በደንብ ተጨምቋል ማለት ነው፣ ከወጣ በኋላ የመኖር ዕድሉም የተሻለ ሆኖ ታይቷል። ሁለት ሲቢሲ ከአንድ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ በእጅጉ ይረክሳል።

ቢኤንፒ ወይስ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ? መቼስ?

የልብ ግድግዳ ሲወጠር ፕሮቢኤንፒ የሚባል ባለ 108 አሚኖ አሲድ ሰንሰለት ይመረትና ለሁለት ይቆረጣል። 32ቱ ሥራ የሚሠራው ቢኤንፒ ነው፤ 76ቱ ሥራ የሌለው ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ነው። ከአንድ ምንጭ ስለመጡ ብዙዎች አንዱን በሌላው ምትክ ያነባሉ። ቁጥራቸው ግን ፈጽሞ አይነጻጸርም። በአጣዳፊ ሁኔታ ቢኤንፒ ከ100 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ የትንፋሽ ማጠሩ ምክንያት ልብ መሆኑ አጠራጣሪ ነው፤ ለኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ይህ መስመር 300 ነው። ልብ ነው ለማለት ደግሞ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ በዕድሜ ይለያያል፦ ከ50 ዓመት በታች 450፣ ከ50 እስከ 75 ባለው 900፣ ከ75 በላይ 1,800።

ሁለቱም በሚሸጡበት ከተማ የቱን እንምረጥ ለሚለው መልሴ አያወላዳም፤ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ። ዋናው ምክንያት መንገዱ ነው። ቢኤንፒ በኢዲቲኤ ፕላስቲክ ቱቦ ተቀድቶ በሰዓታት ውስጥ ካልተሠራ ይበሰብሳል። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ክፍል ሙቀት ላይ ለቀናት ይቆያል። ናሙናው ከዲላ ወይም ከይርጋለም ወደ ሀዋሳ፣ ወይም ከሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚሠራ ከሆነ የቢኤንፒ ዝቅተኛ ውጤት የታካሚው ይሁን የሙቀቱ ማወቅ አይቻልም። ሌላው ምክንያት መድኃኒት ነው፦ ሳኩቢትሪል ያለበትን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢኤንፒው የሚሰባበርበት መንገድ ስለሚዘጋ ከፍ ይላል፤ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ግን በዚያ መንገድ ስለማያልፍ አይነካም። ቢኤንፒን የምመርጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እዚያው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በትንሽ መሣሪያ የሚሠራና ውጤቱ ወዲያው የሚደርስ ከሆነ። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ታካሚ ላይ ሁለቱም ከፍ ይላሉ፣ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ደግሞ ይብሳል።

ወደ ትንበያው እንመለስ። በዚያው በአድሂር መዝገብ 48,629 ታካሚዎች ሲገቡ በተለካ ቢኤንፒ ከአራት ቦታ ተከፍለው ነበር። ቢኤንፒያቸው ከ430 በታች የሆኑት ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት 1.9 በመቶ፣ 1,730ና ከዚያ በላይ የሆኑት 6.0 በመቶ። ሦስት እጥፍ ነው፤ ቀላል ልዩነት አይደለም። ግን ከላይ ካየነው የዩሪያ፣ የግፊትና የክሬቲኒን አሥር እጥፍ ጋር አስተያዩት። ማነጻጸሩ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አይደለም፤ አንዱ ብቻውን የቆመ ቁጥር ነው፣ ሌላው ሦስት ተደጋግፈው ነው። ቢኤንፒም ከእነሱ በላይ የሚጨምረው መረጃ አለው። ነገር ግን ዩሪያ፣ ክሬቲኒንና ግፊት በእጃችሁ ካሉ በገባበት ሌሊት ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የምታገኙበት ወረቀት አንድ ውሳኔ እንኳ ሲቀይር አላይም፤ ያው ኦክስጅን ነው፣ ያው ሌዚክስ ነው። ምርመራው የሚያሻው ትንፋሽ ማጠሩ ከሳንባ ይሁን ከልብ ሲያምታታ ነው፤ ለምሳሌ በማገዶ ጭስ ለዓመታት ያበሰለች፣ ሳል ያላት፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ገና ያልተሠራላት እናት።

በሚወጣበት ቀን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፖርቱጋል ውስጥ 182 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ በሆስፒታል ቆይታቸው ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒያቸው ቢያንስ 30 በመቶ የወረደላቸው ከዚያ በኋላ በሞትም በዳግም መተኛትም የተሻሉ መሆናቸውን፣ ከፍ ያለባቸው ደግሞ እጅግ የከፉ መሆናቸውን አሳየ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ጥናቶችም በመውጫው ቀን ያለው ቁጥር ከመግቢያው ቀን ቁጥር ይልቅ የወደፊቱን እንደሚናገር አጠናክረዋል። 30 በመቶ የተመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚያ ያነሰ ለውጥ የሰውነት የቀን ተቀን ውጣ ውረድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከ5,200 ወደ 4,600 የወረደ ቁጥር ወረደ አይባልም።

"መግቢያው ላይ ካልለካን 30 በመቶውን ከምን እንቀንሳለን?" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ሁለት ጊዜ መክፈል የሚችል ሁለቱንም ያሠራ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የመውጫው ይሻላል፤ ብቻውንም ያመለክታል፣ ለቀጣዩ ቀጠሮም መነሻ ይሆናል።

ከፍ ያለ የመውጫ ቁጥር ምን ያደርጋል? ቁጥሩን ብቻ እያሳደዱ መድኃኒት መጨመር ውጤት አላመጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጋይድ-አይቲ የተባለ ጥናት 894 ታካሚዎች ላይ ሞክሮት ከተለመደው ክትትል አልበለጠም። የሠራው ሌላ ነገር ነው። ስትሮንግ-ኤችኤፍ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳየው ከወጡ በኋላ ቶሎ ቶሎ እየታዩ የልብ መድኃኒታቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሙሉ መጠን ያደገላቸው ታካሚዎች በ180 ቀን የሞቱ ወይም በልብ ድካም ዳግም የተኙ 15.2 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ የታዩት 23.3 በመቶ ነበሩ። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ እዚያ ያገለገለው መድኃኒቱን መጨመር ያሰጋ እንደሆነ ለመፈተሽ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚወስነው ቀጠሮውን ነው፦ ያልወረደለትን በሳምንቱ፣ የወረደለትን ዘግየት አድርጋችሁ ቅጠሩት።

ዝቅተኛ ቁጥር ስታዩ ቶሎ አትዘናጉ። ወፍራም ሰው ላይ ዝቅ ይላል። በሩማቲክ ሕመም ምክንያት የሚትራል ቫልቩ የጠበበበት ሰው የልቡ ግራ ታችኛ ክፍል ስለማይወጠር ሳንባው ውኃ ሞልቶም ቁጥሩ ከምትጠብቁት ያንሳል፤ ወጣት ሴቶች ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም። ሦስተኛውን ደግሞ እዚህ አገር የሚሠራ ሐኪም ሊረሳው አይገባም፦ ሆዱ በውኃ ተነፍቶ፣ የአንገቱ ደም ሥር ተገትሮ፣ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒው ግን ለመጠኑ ያነሰ ሰው ልቡን የከበበው ሽፋን በቲቢ ምክንያት ደርቆ ጨምድዶት ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ያነሰው ቁጥር ራሱ ፍንጭ ነው፤ ኢኮውን ለሚሠራው ሰው ጥርጣሬያችሁን ጽፋችሁ ላኩለት።

ትሮፖኒን

ደረቱን ላመመው፣ ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ንባቡ) ለተቀየረበት ታካሚ ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚለቀቅ ፕሮቲን) ግዴታ ነው፤ ያ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ለትንበያ ብቻ ከሆነ በአድሂር መዝገብ ትሮፖኒናቸው ከፍ ያለው 8.0 በመቶ፣ ያላለው 2.7 በመቶ ሆስፒታል ውስጥ ሞተዋል። ጥሩ ለያይ ነው፤ ችግሩ ያ የተሠራው በድሮዎቹ ምርመራዎች ሲሆን ከፍ ያለባቸው ከመቶ ስድስት ብቻ ነበሩ። በአሁኑ ከፍተኛ ትብነት ያለው ምርመራ አብዛኛው የልብ ድካም ታካሚ ከመደበኛው መስመር በላይ ነው፤ "ፖዘቲቭ ነው" ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም፣ የልብ ድካም ያለበትን ሁሉ የልብ ጡንቻው በድንገት የሞተበት (ኸርት አታክ የያዘው) ያህል ማስደንገጥም ይመጣል። በሰዓታት ልዩነት ሁለት ጊዜ መለካትና ለውጡን ማየት ነው ያለበት። ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ብቻ የሚያሳይ የጭረት (ስትሪፕ) ምርመራ ብቻ ካላችሁ ደግሞ የድሮው ንባብ ይሠራላችኋል።

ሲኤ-125 እና የቀሩት

ሲኤ-125ን የምናውቀው በማሕፀን ሐኪሞች ወረቀት ላይ፣ የእንቁላል እጢ ካንሰር ክትትል ውስጥ ነው። ልብ ደክሞ ፈሳሽ በሳንባ፣ በሆድና በልብ ሽፋን ሲጠራቀም እነዚያ ሽፋኖች ራሳቸው ያመነጩታል፤ በወንድም በሴትም። በተለይ የስፔን ቫሌንሲያ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሠርተውበታል። መስመሩ 35 ዩኒት በሚሊ ሊትር ነው። የሚማርከኝ የቀኝ ልብ ድካምን፣ የሆድና የእግር እብጠትን፣ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ በደንብ የማያሳየውን ጎን ስለሚያሳይ፣ ኩላሊትና ውፍረትም ብዙ ስለማይረብሹት ነው፤ የዕጢ ምርመራ የሚሠራ ላቦራቶሪ ሁሉ ደግሞ ሊሠራው ይችላል። እዚህ አገር ግን ትልቅ ጉድለት አለበት፦ የሆድ ቲቢም፣ የጉበት ሲሮሲስም፣ እርግዝናም ከፍ ያደርጉታል። ቁጥሩ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ በሦስት ቀን መድገም የገንዘብ ብክነት ነው።

ሌሎቹ ሁለት የልብ ድካም የደም ምልክቶች፣ ኤስቲ2 እና ጋሌክቲን-3፣ በጽሑፍ ያማሩ ናቸው፤ ኤስቲ2 በኩላሊት ብዙም ስለማይዛባ በንድፈ ሐሳብ እወደዋለሁ። ዋርድ ውስጥ ግን ውጤታቸው የሚቀይረው መድኃኒት የለም፤ እለፏቸው። የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳየው ፌሪቲን የሚለካው ለትንበያ ሳይሆን ለሕክምና ነው፤ ከ100 በታች ከሆነ የብረት እጥረት ብላችሁ አክሙ።

ስልክ ላይ ስላሉት የነጥብ ማስያዎች

በስልክ የሚወርዱ ማስያዎች የአልጋ ላይ ሞትን ከግፊት፣ ከዩሪያ ናይትሮጅን፣ ከሶዲየም፣ ከልብ ምትና ከዕድሜ ያሰላሉ። ታዋቂው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ ልብ ማኅበር ጌት ዊዝ ዘ ጋይድላይንስ ነጥብ ነው። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ በዚያ ነጥብ "ጥቁር ያልሆነ" የተባለ ታካሚ 3 ነጥብ ይጨመርበታል። ጥቁር የሆነው አይጨመርበትም፤ ስለዚህ አደጋው ያነሰ መስሎ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ዘርን በሕክምና ቀመር ውስጥ ማስገባትን የተቸ ጽሑፍ ይህንኑ ነጥብ በምሳሌነት አንሥቷል። አሜሪካ ውስጥ ያ ልዩነት ከምን እንደመጣ ያነጋግራል፤ ከታቦር ክፍለ ከተማ ለመጣ ታካሚ ግን የቆዳው ቀለም አደጋውን ሲቀንስለት የሚያሳይ ምንም የለም። ማስያውን ከተጠቀማችሁ ያቺን 3 ነጥብ ራሳችሁ ጨምሩ፣ ወይም የአድሂርን ሦስት ጥያቄ በቃል ያዙና ማስያውን ተዉት። የማስያውም የአድሂርም መቶኛዎች የተሰሉት ዕድሜያቸው በአማካይ ከ70 ባለፈ አሜሪካውያን ላይ ነው። ማን ከማን እንደሚብስ ደረጃ ለማውጣት ተጠቀሙባቸው፤ ለቤተሰብ ግን "ከመቶ ይህን ያህል" ብላችሁ አትንገሩ።

ገንዘቡ ሲመዘን

አስታማሚው ከመደበኛው ውጭ ምንም መጨመር የማይችል ከሆነ፦ ሲገባ ዩሪያ፣ ክሬቲኒን፣ ሶዲየም ካለ ሶዲየም፣ ሲቢሲ። ዩሪያና ክሬቲኒኑን በየሁለት በሦስት ቀኑ፣ ሲቢሲውን በመውጫው ድገሙ። በዚህ ብቻ ማን ነርሶቹ አጠገብ መተኛት እንዳለበት ታውቃላችሁ።

አንድ ውድ ምርመራ መጨመር ከቻለና ልብ መሆኑ ግልጽ ከሆነ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒውን ለመውጫው ቀን አቆዩለት። ልብ መሆኑ ካጠራጠረ፣ በተለይ ከወለደች ሳምንታት ሆኗት ለምትታፈን እናት፣ በገባችበት ቀን ይሠራ፤ ጤነኛ እርግዝና ቁጥሩን ያን ያህል ስለማያንረው ከፍ ብሎ ከተገኘ ሳንባ ምች ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ላይ መቆየት አያዋጣም፣ በዚያው ቀን ኢኮ ይፈለግላት።

ሆዱና እግሩ ብቻ ያበጠ፣ ቲቢና የጉበት ሕመም የሌለበት ታካሚ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒው ከእብጠቱ ጋር ካልተመጣጠነ ሲኤ-125 ይታሰብ።

የትኛውንም ብትመርጡ የመውጫ ወረቀቱ ላይ የመጨረሻውን ዩሪያ፣ ክሬቲኒን፣ ሄማቶክሪትና ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ከነመለኪያ አሃዱ፣ የሠራውን ላቦራቶሪና ያገኘበትን ቀን ጻፉ፤ ከጎኑ ደግሞ እብጠቱ ከጠፋ በኋላ የተመዘነውን ክብደት። ታካሚው በሚቀጥለው ወር ቢያመው የሚሄደው ወደ እናንተ ላይሆን ይችላል። ይርጋለም ወይም ዲላ ያለው የሥራ ባልደረባችሁ ካርዱን ሲገልጥ ዩሪያው 80 መሆኑ አዲስ ነገር ይሁን የኖረ፣ ሁለት ኪሎ የጨመረው በሳምንት ይሁን በወር ማወቅ የሚችለው ከዚያች ወረቀት ብቻ ነው።